አሥራ አምስት ቀን የተባለው

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን፣ ዓርብ፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ሰኞ መጋቢት 7 በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። ያን ጊዜ መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍልን አማርኛ አስተምር ነበር። ለጡረታ ጥቂት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። ትምህርት ሲቋረጥ ማየት ለእኔ አዲስ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ተማሪዎች ለእድገት በኅብረት ሲዘምቱ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ደርግ ሲወድቅም አስተማሪ ሆኜ ባዶ ክፍል ፊት ቆሜያለሁ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ በአንድ ውሳኔ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን አላየሁም ነበር።

አሥራ አምስቱ ቀን ሰባት ወር ሆነ። ለብዙ ልጆች ከዚያም በላይ ሆነ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ሁለት ነገር እላለሁ። መዝጋቱ ትክክል ነበር፤ በዚያ በመጋቢት ወር እኔ ብጠየቅም ይዘጋ ነበር የምለው። ልጆቹ በሚቀጥሉት ወራት ውስጥ የት እንደሚውሉ፣ ምን እንደሚበሉ፣ መቼና እንዴት እንደሚመለሱ ሳይታሰብ መዘጋቱ ግን ከበሽታው የማይተናነስ ጉዳት አድርሶብናል። ይህን የምለው ከጥናት አንብቤ አይደለም። ስማቸውን እየጠራሁ ያስተማርኳቸውን ልጆች አይቼ ነው።

ወረርሽኝ ትምህርት ሲያቋርጥ ምን እንደሚሆን በመጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው። አያቴ የኅዳር በሽታን በልጅነቷ ያየች የጉለሌ ልጅ ነበረች። በየዓመቱ ኅዳር 12 ደጇን ጠርጋ፣ ጉድፉን ሰብስባ፣ እሳት አያይዛ ሰፈሩን ስታጥን፣ እኛ የልጅ ልጆቿ ጭሱን እየሸሸን ዙሪያዋን እንከብባታለን። ያኔ ትነግረናለች። በ1911 ዓ.ም. በዚያ ወር ከየቤቱ ሬሳ የሚያነሣ ሰው ጠፍቶ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር የተረፉት። የታሪክ ጸሐፊዎች አዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺህ ሰው እንደረገፈባት ይገምታሉ፤ የያን ጊዜዋ ከተማ ደግሞ ትንሽ ከተማ ነበረች።

አያቴ አዘውትራ የምታነሣው ግን ስለ ወንድሟ ነበር። ወንድሟ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስ ጀምሮ ነበር። የኔታ በዚያው በሽታ በጥቂት ቀን ውስጥ አረፉ። ልጆቹ ተበተኑ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ሌላ የኔታ እስኪገኝ ወንድሟ ከብት ጥበቃ ገባ፤ ከዚያ ሥራ ያዘ፤ ከዚያ አገባ። ሽማግሌ ሆኖ አውቀዋለሁ። ደብዳቤ ሲመጣለት እኛን ልጆቹን ጠርቶ ያስነብበን ነበር፤ የተነበበለትንም ቃል በቃል ይይዘው ነበር። ያን የመሰለ አእምሮ የነበረው ሰው ዳዊት ሳይደግም ኖሮ ሞተ። አያቴ ይህን ስትነግረን «በሽታው እሱን አልነካውም» ትል ነበር፤ ከዚያም ዝም ትላለች።

መጋቢት 7 ሲመጣ ያ ሽማግሌ ነው ትዝ ያለኝ።

የእኛ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ምን ዓይነት ቦታ እንደነበር ካልነገርኩ መዘጋቱ ምን እንደወሰደ አይገባም። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ነበር። በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ጫፍ ላይ ያለው ልጅ ሲጽፍ ግማሽ ጎኑ ከዴስኩ ውጭ ነው። ውኃ በሳምንት ጥቂት ቀን ይመጣል። መጸዳጃ ቤቱን መግለጽ አልፈልግም። እንዲያም ሆኖ 2012 ለእኛ የተለየ ዓመት ነበር። የከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር ያደለው፣ ለ300 ሺህ ገደማ ልጆችም ቁርስና ምሳ መመገብ የጀመረው በዚያ ዓመት ነበር። የምገባ እናቶች የምንላቸው ሴቶች ሌሊት መጥተው ምድጃ ያቀጣጥላሉ። አብዛኞቹ የሰፈሩ እናቶች ናቸው፤ የሚያበሉት የራሳቸውንና የጎረቤታቸውን ልጅ ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሲደርስ ሩዝ ወይም እንጀራ በምስር።

ረሃብ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል አስተማሪ ያውቃል። ልጁ ይተኛል። ወይም ያለምንም ምክንያት ያለቅሳል። ወይም ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ ምንም አያይም። ከጥቅምት ጀምሮ ይህ ሁሉ ከክፍሌ ጠፋ። አርፋጅ የሚባል ቀረ፤ ቁርሱ እንዳያመልጠው ሁሉም በጊዜ ይመጣል። አንዲት ልጅ ከድርሻዋ ግማሹን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ አየኋት። ለትንሽ ወንድሟ ነው። ከወጥ ቤት ኃላፊዋ ጋር ተነጋገርንና ከዚያ በኋላ ጭልፋው ለእሷ ጠለቅ ይል ጀመር።

ትምህርት ሊዘጋ ነው ሲባል ግቢው በደስታ ጩኸት ነበር የተሞላው። ልጅ ናቸው፤ ዕረፍት መሰላቸው። ያቺ ልጅ ግን ወደ እኔ መጥታ «ቲቸር፣ ምሳውም ይዘጋል?» አለችኝ።

የምመልስላት አልነበረኝም።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚገባ መናገር እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ላይ ሆኖ ያን ውሳኔ ማጣጣል ቀላል ነውና። ያን ጊዜ በየቤቱ ቴሌቪዥን የሚታየው የጣሊያን ሆስፒታል ነበር። ያ ሁሉ ሐኪምና መሣሪያ ያለው አገር እንዲያ ከሆነ እኛ ምን ልንሆን ነው የማይል ሰው አልነበረም። ልጆች በሽታውን ምን ያህል እንደሚያስተላልፉ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። በኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ከክፍል ወደ ቤት የሚያጓጉዙት ልጆች እንደሆኑ ግን ይታወቃል። የእኔ ተማሪዎች የሚያድሩት በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ አያት፣ እናት፣ አክስትና አራት አምስት ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አያትየዋ መደቡ ላይ፣ ልጆቹ መሬት ላይ። ከ60 ልጅ አንዱ ይዞ ቢገባ የሚሞቱት አያቶቹ ናቸው። መጋቢት 27 የመጀመሪያዎቹ ሞቶች ተነገሩ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ብቻ ሆነ፤ ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ገባበት፤ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ለይቶ ማቆያ ሆኑ። በዚያ ሰዓት ጊዜ መግዛት ያስፈልግ ነበር። ትምህርት ቤት መዝጋት ጊዜ ይገዛል። ገዝቷልም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄዬ የተገዛው ጊዜ ምን ተሠራበት የሚለው ነው።

አሥራ አምስቱ ቀን ሲያልቅ ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። ፋሲካ አለፈ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ቀን መቁጠሩን ተወው። ልጆቹ ቤት ውስጥ ናቸው ተብሎ ነበር የሚታሰበው። እኔ የምኖረው ከትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ስለነበር ልጆቹን በየዕለቱ አያቸዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ግን አልነበሩም። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል ብሎ ያሰበ ሰው እንዲያ ዓይነት ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ወንዶቹ ጠባቧ መንገድ ላይ በጨርቅ ኳስ እየተጋፉ ይውላሉ። ሴቶቹ እናታቸውን ተከትለው ጉሊት ይቀመጣሉ። ከፍ ያሉት የአፍና አፍንጫ ጭንብልና ሶፍት በካርቶን ይዘው መርካቶን ያቋርጣሉ፤ ጭንብሉን ይሸጣሉ እንጂ አያደርጉም። በጥር ወር ድርሰቱን ለክፍሉ ያነበበ ልጅ በግንቦት ወር የሊስትሮ ሣጥን ታቅፎ አገኘሁት። ደንግጦ ሣጥኑን ከኋላው ደበቀው። «እትዬ እንዳታየው ብሎ ነው» አለችኝ አጠገቡ ጉሊት የተቀመጠችው እናቱ። ሥራ ነውር እንዳልሆነ ነግሬው፣ ሲከፈት እንደምጠብቀው ነግሬው ሄድኩ። መቼ እንደሚከፈት እኔም አላውቅም ነበር።

ልጆቹን ከክፍል ስናስወጣ እርስ በርስ አልተለያዩም ማለት ነው። ተሰብስበው የነበሩበት ቦታ ብቻ ተለወጠ፤ የሚጠብቃቸው፣ እጅ ታጠቡ የሚላቸው፣ ትኩሳት ያለበትን ለይቶ ወላጅ የሚጠራላቸው ሰው ቀረ።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ለእኛ የኅዳር በሽታ የሆነው ያው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1918 ኒው ዮርክን ሲመታ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ትምህርት ቤት ሲዘጉ ኒው ዮርክ ክፍት አድርጋ ቆይታለች። የከተማዋ ጤና ኮሚሽነር ሮያል ኮፕላንድ የሰጡት ምክንያት ቀላል ነበር፦ ብዙዎቹ ልጆች የሚኖሩት በተጨናነቀ የድሆች ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ሰፋ ያለና አየር የሚዘዋወርበት ነው፤ በየዕለቱ የሚመረምራቸው ነርስና ሐኪም አለ። የእኛ ክፍሎች ሰፊ እንዳልነበሩ ተናግሬአለሁ፤ ነርስም አልነበረንም። ስለዚህ የኒው ዮርክን መልስ እንዳለ አምጥተን ልንለጥፈው አንችልም። ጥያቄውን ግን ልንወስደው ይገባን ነበር፤ ልጁ ከክፍል ሲወጣ የሚሄድበት ቦታ ከክፍሉ ይሻላል ወይ?

የሬዲዮ ትምህርት ተጀመረ፤ ለሁለተኛ ደረጃዎቹ በቴሌቪዥን። ያዘጋጁት ሰዎች ለፍተዋል፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ሬዲዮ የልጁን ፊት አያይም። ያልገባውን ልጅ አስተማሪ ከቅንድቡ ያውቀዋል፤ ሬዲዮ ይቀጥላል። በምኖርበት ግቢ ውስጥ ሁለት እኩያ ልጆች ነበሩ። አንዱ የግል ትምህርት ቤት ይማራል፤ መምህራኑ በቴሌግራም የቤት ሥራ ይልኩለታል፤ አባቱ ስልኩን ማታ ማታ ይሰጠዋል። ሌላው የእኛ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ እናቱ ልብስ እያጠበች ታሳድገዋለች። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ከትከሻው በላይ አሻግሮ ያያል። ቆይቶ የሚያየው ልጅ መልሱን ቀድሞ መናገር ጀመረ። የሁለቱም ወላጆች በዚህ ይስቁ ነበር፤ እኔ ግን ልቤ ይደማ ነበር። ያን የመሰለ ልጅ በትከሻ ላይ የሚማረው እስከ መቼ ነው?

በፌስታል ትጠቀልል የነበረችው ልጅ በሰኔ ወር ከሰፈሩ ጠፋች። እናትየዋን ጠየቅኳት። ገጠር አክስቷ ዘንድ ልካታለች። «ምን ላድርግ እትዬ፣ እዚያ ቢያንስ ትበላለች፤ ልጅም ትይዝላታለች» አለችኝ። እናትየዋን የሚወቅስ አፍ የለኝም። በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል በመቶዎች የሚቆጠሩ የልጅነት ጋብቻዎች ከመፈጸማቸው በፊት እንደተደረሰባቸው የክልሉ ባለሥልጣናት ይናገሩ ነበር። የተደረሰባቸው እነዚያ ናቸው፤ ያልተደረሰባቸውን የሚቆጥር የለም። ገጠር ያስተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ልትዳር ያለችን ልጅ ቀድሞ የሚሰማው አስተማሪዋ ነው፤ ቀድማ የምትነግረውም ለአስተማሪዋ ወይም ለጓደኛዋ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ያ ጆሮ ይዘጋል።

ይህ ደግሞ እንደሚሆን ቀድሞ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያጠቃ ከአገራችን ከ180 በላይ የጤና ባለሙያዎች በጎ ፈቃደኛ ሆነው ሄደው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ነርስ ነው። ሴራሊዮን ውስጥ ለወራት ትምህርት ተዘግቶ እስከ ሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየ። እዚያም በሬዲዮ ያስተምሩ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ሲመለስ የነገረኝ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። «እትዬ፣ ኢቦላ ያልገባበት ቤት ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ አርግዛ ታገኛለሽ» አለኝ። ብዙ ልጃገረዶች በዚያ ወቅት አረገዙ። ከዚያም የባሰው፣ ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ መንግሥታቸው እርጉዝ ልጆች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል እንዳይማሩ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ነው፤ የእኛ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወር። ኢቦላ የታማሚን ፈሳሽ በመንካት የሚተላለፍ፣ ከያዛቸው ሰዎች ብዙውን የሚገድል በሽታ ስለሆነ እዚያ መዘጋቱን የሚቃወም ልብ የለኝም። ሴት ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል የሚለው ጥያቄ ግን እዚያም ሳይጠየቅ ቀርቷል።

ኡጋንዳ ደግሞ ከሁሉም ቆየች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ዘግታ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥር 2022 ነው። ወደ 15 ሚሊዮን ከሚጠጋው ተማሪ ብዙው ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው ክፍሉን ያየው። በዚያው ዘመን ስዊድን ከ16 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ትምህርት ቤት ሳትዘጋ ቆይታለች። ስዊድን ሀብታም ናት፣ ክፍሏ ሰፊ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ልጆቹን ቅድሚያ ሰጥታ ከሌላው ነገር ለይታ ማሰቧን እንጂ ሀብቷን አይደለም የምጠቅሰው።

እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ምን ይመስል ነበር? መርካቶ አንድም ቀን አልተዘጋም፤ ሊዘጋም አይችልም፣ ሕዝቡ በምን ይኖራል። ታክሲው በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ትንሽ ጊዜ ሄደና መልሶ ሞላ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በ2012 መጨረሻ አበቃ። ግሮሰሪው ተከፈተ፣ ሠርጉ ተደገሰ። በዚያን ጊዜ ልጆቹ ክፍል ለመግባት ገና ሳምንታት ይቀሯቸው ነበር። በየሰፈሩ ክፍት ያልሆነ ነገር ቢኖር የእኛ በር ብቻ ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ልጆች ድምፅ የላቸውም፤ ነጋዴ ይጮኻል፣ ባለታክሲ ይጮኻል፣ የ10 ዓመት ልጅ ትምህርቴ ይከፈትልኝ ብሎ ለማን ይጮኻል?

በጥቅምት 2013 በደረጃ ተከፈተ። መጀመሪያ የገጠር ወረዳዎች፣ ከዚያ ከተሞች፤ 8ኛና 12ኛ ክፍሎች ይቀድሙ ነበር። ከነዚህ ሁለቱ በቀር ሁሉም ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል ተብሎ ነበር፤ የእኔ 4ኛ ክፍሎች ምንም ሳይጨርሱ 5ኛ ሆኑ። ወደ ግቢው ስንመለስ የውኃ ሮቶ ቆሟል፣ ቧንቧዎች ተደርድረዋል፣ ጭንብል መጣ። ክፍሎቹ ደግሞ በቡድን በቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን አንድ ቀን፣ ሌላው በማግሥቱ። በአንድ ጊዜ 25 የሚሆን ልጅ ብቻ ፊቴ ተቀመጠ፤ በአንድ ዴስክ አንድ።

በሥራ ዘመኔ እንዲያ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱን ልጅ አስነበብኩ። በ60 ልጅ መካከል ማንበብ የማይችል ልጅ ይደበቃል፤ ሌሎቹ ሲሉ አብሮ ይላል፤ ከጎኑ ገልብጦ ይጽፋል፤ ዓመቱ ያልፋል፣ እሱም ያልፋል። 25 ሲሆኑ መደበቂያ የለም። ከፊታቸው አንድ አጭር ምንባብ አስቀምጬ በተራ አነበቡ። መጋቢት ላይ እየተንደረደረ ያነብ የነበረ ልጅ ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው። አንዳንዶቹ «ጸ» እና «ጰ»ን ይደናገራሉ። አንዱ መጽሐፉን ጨርሶ ገልብጦ ይዞት ነበር፤ ይህ ልጅ ከበሽታው በፊትም ማንበብ እንደማይችል ያን ዕለት ነው የታወቀው። የዓለም ባንክ ከወረርሽኙ በፊት ባወጣው ግምት በአገራችን ከ10 የ10 ዓመት ልጆች 9ኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይል ነበር። ያን አኃዝ ስሰማ አጋነውታል ብዬ ነበር። ያን ዕለት አመንኩት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በየዕለቱ ጥቂት ልጆች ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ እያስቀመጥኩ ከ«ሀ» ጀመርን። እስከ ሚያዝያ አብዛኞቹ መልሰው ያዙ። ልጅ የጠፋበትን መልሶ ያገኛል፤ የሚያስፈልገው ሰውና ጊዜ ነው። በሽታው ለዓመታት የለመንነውን የክፍል ልክ ሰጥቶን ነበር፤ አደጋው ቀለል ሲል ቡድኖቹ መልሰው ተቀላቀሉ፣ ዴስኩ እንደገና ሦስት አራት ልጅ ያዘ። ያን ቀን የተሰማኝን ሐዘን መጋቢት 7 አልተሰማኝም።

ስም ስጠራ «አቤት» የማይሉ ነበሩ። ሊስትሮው መጣ፤ ሣጥኑን ትምህርት ካለቀ በኋላ ይይዛል፣ በኋላም ጥሩ ተማሪ ሆነ። በፌስታል የምትጠቀልለው ልጅ አልመጣችም። ወንድሟ መጥቶ 1ኛ ክፍል ገባ። ከስሟ ትይዩ በቀይ ስክሪብቶ «አቋርጣለች» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደንቡ ነው። ጽፌ ስጨርስ የአያቴ ወንድም ፊቴ ላይ መጣ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ብዙ ምክንያት ተሰጠ፤ ኩረጃ መቅረቱ፣ ጦርነቱ፣ የአስተማሪ ብቃት። ሁሉም ውስጡ እውነት አለው። ነገር ግን የ2014ን ፈተና የወሰደው ልጅ በ2012 10ኛ ክፍል፣ የ2015ን የወሰደው ደግሞ 9ኛ ክፍል ነበር። ሁለቱም በመጋቢት ወር ደብተራቸውን ዘግተው የወጡ ልጆች ናቸው። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ይህን የሚያነሣ ሰው ስፈልግ ነበር የሰነበትኩት።

ከሁሉም የከፋው የትግራይ ልጆች ዕጣ ነው። እንደ እኛ በመጋቢት 2012 ወጡ። ሌላው አገር በጥቅምት 2013 ሲመለስ እዚያ በዚያው ወር ማብቂያ ጦርነት ጀመረ። አብዛኞቹ ወደ ክፍል የተመለሱት በ2015 ዓ.ም. ነው። በሽታ የዘጋውን በር ጦርነት ቆለፈው፤ የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ የወጣ 10 ዓመት ሞልቶት ገባ። ዛሬ ደግሞ በአማራ ክልል በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጆች በግጭት ምክንያት ከትምህርት ውጭ ናቸው። ወላጅ ያለ ትምህርት ቤት መኖርን አንዴ ከለመደ ልጁን መልሶ ማምጣት እንዴት እንደሚያታክት በየቤቱ እየዞርኩ አይቼዋለሁ።

በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ ተገኘ ሲባል መጀመሪያ ያሰብኩት የዚያን አካባቢ ልጆች ነው። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ሌላ ወረርሽኝ ይመጣል፤ መምጣቱን የሚጠራጠር ጤና ባለሙያ አላውቅም። የሚመጣው እንደ ማርበርግ ያለ ከሆነ ሰፈሩን ለይቶ ትምህርት ቤቱን መዝጋት ግዴታ ነው። ኮሌራ ከሆነ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ነው፤ ውኃ ያለው ትምህርት ቤት ከሌለው ቤት ይሻላል። ኩፍኝ ከሆነ ክትባቱን እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መስጠት ይቻላል። እንደ ኮሮና ያለ ከሆነ ለጥቂት ሳምንት መዝጋት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ክፍሉን ማሳነስ፣ ውኃ ማስገባት፣ አስተማሪውን ማዘጋጀት፣ ከዚያ ከገበያው ቀድሞ ባይሆን እንኳ ከግሮሰሪው ቀድሞ መክፈት። ለሁሉም በሽታ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ከዚህ በኋላ ይቅርታ የሚደረግለት አይመስለኝም።

በዚህ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር እለምናለሁ። ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ስትፈርሙ ምድጃው እንዳይጠፋ በዚያው ወረቀት ላይ ፈርሙ፤ የምገባ እናቶቹ እዚያው ሰፈር ናቸው፣ ምግቡን በየበሩ ማድረስ ይችላሉ። አስተማሪው ደመወዙን እየተቀበለ ቤቱ ከሚቀመጥ የክፍሉን ልጆች በየሳምንቱ ዞሮ እንዲያይ አዙት፤ በእኔ በኩል ማንም ሳያዘኝ አድርጌዋለሁ፣ ብዙ የሥራ ባልደረቦቼም አድርገውታል።

አንባቢ ሆይ፣ ለአንተም ለአንቺም የምለው አለኝ። በ2012 4ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ገና 16፣ 17 ዓመቱ ነው። በሰፈራችሁ፣ በቤታችሁ፣ ምናልባትም በወጥ ቤታችሁ ውስጥ በዚያ ዓመት አቋርጦ የቀረ ልጅ ይኖራል። የማታ ትምህርት አለ፤ ምዝገባው መቼ እንደሚጀመር ጠይቁ። ይዛችሁት ሂዱና አስመዝግቡት።